ርክክቡ ላይ ያጎደልነው

የተከበራችሁ የጥበቃ ሠራተኞች ማኅበራችን አባላት፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከእኛ ጋር ለመዋል የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቻችን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የድርጅት ተወካዮችና የፖሊስ አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ሌሊቱን በር ላይ አንግታችሁ፣ ቤታችሁ እንኳ ሳትገቡ ከነደንብ ልብሳችሁ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁትን ላመሰግን እወዳለሁ። በንግግሬ መካከል ከእናንተ አንዳንዱን ቢያሸልበው ቅር አልሰኝም፤ ድካሙን አውቀዋለሁ። ዛሬ ተረኛ በመሆናቸው ያልተገኙትንም እናስባቸው፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን የምንነጋገረው እነሱ እዚያ ስለቆሙ ነው።

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የዘንድሮውን ጉባኤ ዋና ጉዳይ ሲመርጥ ብዙ አልተከራከረም። በየስብሰባችን የሚነሳው ቅሬታ አንድ ነው፤ ወጣት አይቆይልንም። ይቀጠራል፣ የደንብ ልብሱን ይለብሳል፣ ሁለት ሦስት ወር ይሠራል፣ ከዚያም አንድ ቀን ጠዋት ፈረቃ የሚረከበው ሰው ሳይመጣ ይቀራል፤ ሲደወልለትም ስልኩ ዝግ ነው። እኛ አንጋፋዎቹ «የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን ልጆቹን የምናስወጣቸው አብዛኛውን ጊዜ እኛው መሆናችንን ነው።

ኮምቦልቻ ጥበቃ የማያስፈልገው ሰፈር የላትም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሁሉም በር አላቸው፤ በየበሩም ከእኛ አንዱ ቆሟል። የእኛ ትውልድ ወደዚህ ሥራ የገባው በአብዛኛው ከሠራዊት ተመልሶ ነው። ዋርድያ መቆምን የተማርነው እዚያ ነበርና ቀጣሪውም «ወታደር ነበር» ከተባለ ሌላ አይጠይቅም ነበር። በሕጉ የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነው፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጥነውን ሳይ እዚያ ያልደረሰው ጥቂት ነው፣ ያለፈውም አለ። ዛሬ በምትካችን የሚመጣው ልጅ ወታደር ቤት አላየም። ትምህርቱን የጨረሰ፣ አንዳንዱም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመስኩን ሥራ ያጣ ነው። ይህ ልጅ ሲመጣ የምንሰጠው ፊሽካ፣ ባትሪና ዱላ ነው፤ ሥራውን የሚያሳየው ሰው ግን አንመድብለትም።

የራሴን ስሕተት ብነግራችሁ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱም የድርጅቱ አልነበረም። በአንድ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላው አንድ ልጅ በር ላይ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና መጣ። ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ጥሩንባውን ደጋግሞ ይነፋል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከጥበቃ ቤቱ ስወጣ ልጁ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ በአንድ እጁ የጭነቱን ሰነድ ይዞ፣ በመኪናው የኋላ በር ላይ ያለውን የእሽግ ቁጥር አንድ በአንድ ያነባል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተገለባብጠው ነበር። ስልኩን አወጣና ሁለቱንም ፎቶ አነሳቸው። እኔ ያየሁት ስልኩን ብቻ ነው። «በተረኝነት ስልክ ክልክል መሆኑን አልነገሩህም?» ብዬ በሾፌሩ ፊት ጮኽኩበት፤ «አንተ በር ክፈት፣ ሰነድ የሚያየው ሌላ ሰው ነው» አልኩት። ከፈተ።

ጠዋት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲረከብ የቁጥሩ ልዩነት ተገኘ። ሲጣራ የጽሕፈት ስሕተት ሆነ፣ ዕቃውም ሙሉ ነበር። ልጁ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ተቀብሎ ሄደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደሴ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ሲነዳ አገኘሁት፤ ሒሳብ አልቀበልም ብሎኝ እየሳቀ «ጋሼ፣ እኔኮ ቁጥሩን ማየት ሥራዬ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ሥራው እሱ ነበር። ከእኔ ይልቅ እሱ ሠርቶታል።

የስልኩ ክልከላ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ተረኛው ቪዲዮ ሲያይ አጥር የተቆረጠበትን ሌሊት የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ነገር ግን ዛሬ ጭነት የሚመጣው በፎቶ፣ ትእዛዝ የሚተላለፈው በቴሌግራም፣ አጥሩም በካሜራ የሚታይ ሆኗል፤ ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠውን ሰው ግን የዓይኑን ድካም ሳናስብ በዕድሜ እንመርጣለን። በየፈረቃው በርክክብ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገር፣ ፎቶ ለማንሳትና ለመደወል ብቻ የሚያገለግል አንድ የሥራ ስልክ ቢኖር የግሉን ስልክ መከልከሉ ትርጉም ይኖረዋል። ይህን ጥያቄ ለቀጣሪዎቻችን በጽሑፍ እናቀርባለን፤ ዛሬ ለተገኛችሁት ተወካዮች ደግሞ አስቀድሜ በቃል ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር ልምጣ። የተረኛ ዝርዝሩን የምናወጣው እኛ ነን። አዲስ ገቢውን የት ነው የምንመድበው? ዋናው በር ላይ፣ ሰው በሚያይበት፣ ሻይ በሚመጣበት ቦታ አንመድበውም፤ በቦርከና ወንዝ በኩል ባለው የኋላ አጥር፣ ብቻውን፣ ለሌሊት እንልከዋለን። «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» ብለን ትከሻውን መታ መታ እናደርገዋለን። ወሎ ሰው የሚያጽናናበትን ቃል ሰውን መሸኛ አደረግነው ማለት ነው። ግቢውን በቀን አይቶት የማያውቅ ልጅ፣ የትኛው ቆርቆሮ በነፋስ እንደሚንኳኳና የትኛው በሰው እጅ እንደሚንኳኳ ሳይለይ፣ እስከ ንጋት ድረስ በእያንዳንዱ ድምፅ ሲባንን ያድራል። በሁለተኛው ሳምንት ወይ ይተኛል ወይ ይሄዳል። የተኛውን እንቀጣለን፣ የሄደውን እናማለን።

በሰዓቱም ላይ ልጆቹ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኖታል። ብዙዎቻችን የምንሠራው 12 ሰዓት፣ ለስድስት ቀን ነው፤ 72 ይሆናል። ከመደበኛው በላይ 24 ሰዓት ነው፣ አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ላለው የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው 1.75 እጥፍ ነው። እኛ ይህን ለዓመታት «የጥበቃ ሥራ እንዲህ ነው» ብለን ተቀብለን ኖርን። ወጣቱ ስልኩ ላይ አስልቶ ሲያሳየን «አፈኛ» እንለዋለን። እኔ ግን የሚቀጥለውን ዓመት የድርድር ኮሚቴ የሚመሩልን እነዚህ አፈኞች ቢሆኑ ደስ ይለኛል። በነገራችን ላይ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በዚሁ አዋጅ ክልክል ነው፤ አባላት በዝርዝራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ አስተካክሉት።

ሌላው የሥራው መግቢያ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ተያዡ ቋሚ ሠራተኛ ሊሆን፣ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤም ከመሥሪያ ቤቱ ሊያጽፍ ይጠበቅበታል። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ ወይም ከወረባቦ ገጠር የመጣ የ20 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ያመጣል? ስለዚህ አንድም ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ይህ ደግሞ ገና ከመግቢያው በሐሰት ወረቀት መጀመር ነው። ካልሆነም ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ንብረት ጠባቂ ያለ ዋስትና ይቀጠር አልልም፤ ቀጣሪ ሆኜ ብሆን እኔም አልቀጥርም። ማኅበሩ ራሱ፣ ሥልጠናውን ወስዶ በአንጋፋ አባል የተመሰከረለትን ልጅ በተወሰነ መጠን ዋስ የሚሆንበት ሥርዓት ቢኖረን ግን የሚቻል ይመስለኛል። የሕግ ባለሙያ አማክረን ረቂቁን ለሚቀጥለው ጉባኤ እናመጣለን።

ስለ ስሙ ብዙ አልናገርም። «ዘበኛ» መባል ልጆቹን ያሳፍራቸዋል፤ አንዱ ወጣት አባላችን ለእጮኛው ቤተሰብ «ፋብሪካ ነው የምሠራው» ብሎ ብቻ እንዳለፈ ነግሮኛል። በንጉሡ ዘመን ይኸው ቃል ክቡር ዘበኛ በሚባለው ጦር ስም ላይ የማዕረግ ቃል ነበር። ቃሉን ያዋረደው አያያዛችን ነው፤ በር ላይ የቆመውን ሰው ሲጋራ ግዛ፣ መኪና እጠብ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጣ እያልን የላክነው የፈረቃ ኃላፊዎችም ከዚህ ጥፋት ድርሻ አለን።

ሴቶችን በተመለከተ ግን ቆም ልበል። ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ስፌት ሠራተኛው በአብዛኛው ሴት ነው፤ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ለፍተሻ የሚሰለፉት ሴቶች ናቸው። በአንዳንድ በር አንዲት ፈታሽ ብቻ ስለምትቆም ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ላይ ቆማ ያደረች ሠራተኛ ለመውጣት ብቻ ረጅም ጊዜ ትሰለፋለች። ወጣት ሴቶችን የምንጠራው ለፍተሻ ብቻ ነው፤ ፍተሻው ሲያልቅ ወንበር እንኳ የላቸውም፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉም የወንዶቹ ነው። እስካሁን የፈረቃ ኃላፊ የሆነች ሴት አባል የለችንም። ነፍሰ ጡር ሴት በሌሊት እንዳትሠራ ሕጉ ሲከለክል፣ አንዳንዱ ቀጣሪ ይህን ምክንያት አድርጎ ጭራሽ ሴት አለመቅጠርን መርጧል፤ ይህን በዝምታ አናልፈውም።

አንጋፋዎቹን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተዘረፉ፣ መዝገብ ተቀደደ፣ ኮምፒውተር ተወሰደ። ኋላ ሥራው ሲጀመር፣ የትኛው ክፍል ምን እንደነበረው፣ የትኛው ቁልፍ የማን እንደነበረ፣ የውኃው ዋና መዝጊያ የት እንደተቀበረ የሚጠየቀው ጥበቃው ነበር። እኔም ተጠይቄ፣ ግቢውን እየዞርኩ በጣቴ እያሳየሁ ተናግሬያለሁ። ያኔ የገባኝ ነገር፣ ያንን ሁሉ የያዘው የአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት እንጂ ወረቀት አለመሆኑ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ የቱን አጥር እንደሚያዘም የምታውቁ፣ ከሐረጎ የሚወርደውን ከባድ መኪና ፍሬኑ መሞቁን በጠረኑ የምትለዩ ሰዎች እዚህ አላችሁ። ይህን ለማንም አላስረከባችሁም። በየጠዋቱ የምናስረክበው ቁልፍና ባትሪ ቆጥረን ነው፤ «ሁሉም ሰላም ነው» ብለን እንፈርማለን፣ ገጹም በዚያው ቃል ተሞልቷል።

ኮሚቴው ለዛሬ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ የተነሳ ነው። ማንኛውም አዲስ ገቢ የመጀመሪያውን ወር በቀን ፈረቃ ከአንድ አንጋፋ አባል ጋር ጎን ለጎን ይቁም፤ የሌሊት ተረኛም ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ብቻውን አይደር። አንጋፋው የሚያውቀውን ይንገረው፣ ልጁ ይጻፈው፣ የጻፈውም የግቢው መዝገብ ሆኖ በጥበቃ ቤቱ ይቀመጥ። የበዓል ቀን ተራ ግን እንደነበረው ይቀጥል፤ በዒድ ክርስቲያኑ፣ በገናና በፋሲካ ሙስሊሙ ጓደኛውን ተክቶ የሚቆምበትን ልማድ ወጣቶቹ ራሳቸው ከእኛ ተቀብለው ይዘውታልና ኮሚቴው የሚጨምርበት ነገር የለም።

በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ ሁለት ቦታ ዕድሜያቸው ከ30 በታች ለሆኑ አባላት እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ በሁለተኛው አጀንዳ ይታያል። ከመካከላችን የሚቃወሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ተቃውሟቸውን በግልጽ ያቅርቡ፣ እንሰማለን። ቦታ ከሚለቁት ሁለቱ አንዱ እንድሆን እኔ ለኮሚቴው በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።

የዛሬውን ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት ሁለቱ ወጣት አባሎቻችን ናቸው፤ እባካችሁ ወደ ፊት ኑና ከመድረኩ አጠገብ ተቀመጡ። ስልካችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ድምፁን መቅዳት ያስፈልጋችኋል። ጉባኤው ተከፍቷል።