የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የምታየው ብልጭታ ሌዘሩ አይደለም

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ የደወለ ወጣት)፦ በፋይበር ሌዘር የቁልፍ መያዣና የብረት ኩባያ ላይ ስም እቀርጻለሁ። ማሽኑ ሽፋን የለውም፤ የብየዳ መነጽር ግን አደርጋለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃህም ወንድሜ። ተገቢውን መነጽር እስክታገኝ ድረስ ሥራውን አቁም። የብየዳ መነጽር የተሠራው ለብየዳ ብርሃን ነው። ያንተ ማሽን የሚያወጣው ጨረር 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው ዓይን አያየውም፤ ስትቀርጽ የምታየው ነጭ ብልጭታ የጋለው ብረት ነው። ክፋቱ፣ ጨረሩ ባይታይም የዓይናችን ሌንስ ሰብስቦ ሬቲና በተባለው፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ በአንዲት ነጥብ ያሳርፈዋል፤ ኃይሉም እስከ 100,000 እጥፍ ይከማቻል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ጋዜጣ ሲያነብ ከመስመሩ መሀል ፊደል ሲጠፋበት ነው፤ የተቃጠለው ሬቲናም ተመልሶ አይተካም።

የተወለወለ ኩባያ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ስለዚህ ጨረሩ አንተን ቢስት እንኳ አጠገብህ ቆሞ ስሙ እስኪቀረጽ የሚጠብቀውን ደንበኛ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ነው እኔን በጣም የሚያሳስበኝ።

መነጽር ስትገዛ የተጻፈበትን አንብብ። 1064ን የሚሸፍን የሞገድ ርዝመትና ለማሽንህ ጉልበት የሚመጥን «ኦዲ» የሚባል ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ኦዲ 6 ማለት ጨረሩን ሚሊዮን ጊዜ ያዳክማል ማለት ነው። ቁጥር የሌለውን ባለ ቀለም ፕላስቲክ አትመነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩ የሚቋረጥበት የብረት ሳጥን ማሠራት ነው። መመልከቻ መስኮት ካወጣህለት ተራ መስታወት አታድርግበት፤ ይህን ጨረር ያሳልፋል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ የደወሉ ባለ ሱቅ)፦ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሰው ሠራሽ ቆዳ ስቆርጥ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል። የማሽኑ ሐዲድም ዝጓል። ምን ይሆን?

መልስ፦ የሁለቱም ምክንያት አንድ ይመስለኛል፤ ቆዳው ፒቪሲ ከሚባለው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህም እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ሐዲዱን የበላው አሲድ ሳንባዎንም አይምርም። ጭስ መሳቢያ ቢኖርዎትም ፒቪሲን በሌዘር አይቁረጡ።

ቁራጩን እንዲህ ይፈትኑት። ደጅ ወጥተው የመዳብ ሽቦ በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ያግሉ፤ ሽቦውን በጉጠት ይያዙት። ቁራጩን በጋለው ሽቦ ይንኩና ሽቦውን ወደ እሳቱ ይመልሱት። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ወደ ማሽኑ አያስገቡት። የትንፋሽ ማጠር ካለብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የማሽኑን የኋላ ክዳን ደግሞ ራስዎ አይክፈቱ፤ ቱቦው የሚሠራው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ በሆነ ኃይል ነው፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ኃይሉ ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ የደወሉ እናት)፦ ልጄ አረንጓዴ የሌዘር ባትሪ ይጫወትበታል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ አዎ፣ ይውሰዱበት። ላዩ ላይ ጉልበቱ 5 ሚሊዋት ነው ቢልም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በርካሾቹ ላይ ደግሞ ከአረንጓዴው ጋር የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር አብሮ ይወጣል። ልጁ ዓይኑ ውስጥ አብርቶ የማይጠፋ ነጥብ ከታየው፣ ያልፍለታል ብለው ሳይጠብቁ የዓይን ሐኪም ያሳዩት።