በዩኒቨርሲቲ ስለ ኮምፒዩተርና ሲስተም የሚወስነው ማነው?

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ኔትወርክና ስለ ሲስተም እንዴት እንደሚወስኑ ደውላችሁ የጠየቃችሁንን ይዘናል። የሚመልሱልን በዩኒቨርሲቲ አይሲቲ (የኢንፎርሜሽንና ኮሙዩኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ዳይሬክቶሬት ለረጅም ዓመታት የሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ከጎንደር የደወሉ መምህር፦ ትምህርት ክፍላችን የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ሲስተም አሠርቶ ሦስት ዓመት ተጠቅሞበታል። አሁን አይሲቲ መጥቶ «ዝጉትና በሬጅስትራር ሲስተም ተጠቀሙ» አለን። የእኛ ይሻላል። ሥልጣኑ የማን ነው?

መምህር፣ የእናንተ የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። ነገር ግን ውጤት የሚሰጠው መምህሩ ቢሆንም መዝገቡን የሚጠብቀውና ትራንስክሪፕት ላይ ማኅተም የሚያሳርፈው ሬጅስትራር ነው። ተማሪው ከአሥር ዓመት በኋላ ማስረጃ ሊያወጣ ሲመጣ ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የት ይቀመጥ የሚለው የእናንተም የአይሲቲም ውሳኔ አይደለም። የሬጅስትራሩ ነው፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ደንቡን ያጸደቀው ሴኔት፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የትምህርት ጉባኤ አለ። አይሲቲ በራሱ ብቻ «ዝጉት» ብሎ ከሆነ እሱም ከድርሻው አልፏል። የእሱ ድርሻ ሲስተሙ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለው ወይ፣ ማን ገብቶ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል ወይ፣ ከሌሎቹ ሲስተሞች ጋር ይናበባል ወይ ብሎ መርምሮ ለወሳኙ ማሳወቅ ነው።

ይልቅ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲስተሙን የሠራው ልጅ አሁን የት ነው? ብዙ ጊዜ አንድ ጎበዝ ረዳት መምህር ይሠራዋል፣ ከዚያ ለትምህርት ውጭ ይሄዳል፣ ፓስወርዱም አብሮት ይሄዳል። ከሬጅስትራሩ ሲስተም የጎደላችሁን በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ተወያይታችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የሦስት ዓመቱንም ውጤት ሴሚስተሩ ሳያልቅ ተፈራርማችሁ አስረክቡ።

ከአዲስ አበባ የደወለ የአይሲቲ ሠራተኛ፦ ዕቃ ሲገዛ አንጠየቅም፣ ሲበላሽ ግን ወቀሳው እኛ ላይ ነው። ምን እናድርግ?

ወንድሜ፣ ይህ የኖርኩበት ጉዳይ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ግምጃ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶኑ ያልተከፈተ ሰርቨር አይቻለሁ። አቧራው በጣት ያስጽፋል። የተገዛው ሰኔ 30 ሳይደርስ፣ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን በጥድፊያ ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ከሌላ መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ ላይ የተገለበጠ ነበር። ዳታ ሴንተሩ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፣ ያለው አንድ ማቀዝቀዣም ተበላሽቷል። ዋስትናው ካርቶን ውስጥ እንዳለ አለቀ። ማንንም ሌባ አልልም፣ ሁሉም በየተራው ፈርሟል። «ይህ ሰርቨር ለየትኛው ሥራ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው። ያ ካርቶን እስካሁን ያንገበግበኛል።

መፍትሔው የአይሲቲ ዳይሬክተሩን ሥልጣን ማብዛት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 38500 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የበላይ አመራሩን ሥራ በሦስት ያስቀምጠዋል፦ መመዘን፣ አቅጣጫ መስጠትና መከታተል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ስለ ዕቃና ሲስተም የሚወስን ኮሚቴ ይኑር፣ ፕሬዚዳንቱ ወይም ምክትሉ ይምራው። ሬጅስትራር፣ ፋይናንስ፣ ግዥ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዲኖችና የተማሪ ተወካይ ይግቡበት፣ አይሲቲ ደግሞ የሙያ አስተያየቱን ያቅርብ። የሚሰበሰበውም የበጀት ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ነው፣ በሰኔ አይደለም። የጠየቀው ክፍል አንድ ገጽ ይሙላ፦ ለየትኛው ሥራ ነው፣ የት ይቀመጣል፣ የሁለተኛውን ዓመት ላይሰንስ ማን ይከፍላል፣ ኃላፊው ማነው? ያልተሞላ ወረቀት ለግዥ አይተላለፍም፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አንተ ዛሬ መጀመር የምትችለው ይህን ወረቀት አዘጋጅቶ ለአለቃህ ማቅረብ ነው።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ሲሰጥ የላብ፣ የመብራትና የኔትወርክ ጉዳይ ለአይሲቲ ብቻ የሚተው እንዳልሆነ ብዙ አመራር በዓይኑ አይቷል። እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ራስ ገዝ የሚሆኑት ደግሞ ገንዘባቸውን ራሳቸው ሊያስተዳድሩ ነው፣ ይህ ወረቀት የበለጠ ያስፈልጋቸዋል።

ከጅማ የደወለች ተማሪ፦ ውጤታችን ከነስማችንና ከነመታወቂያ ቁጥራችን በቴሌግራም ይለጠፋል። ይህ ይፈቀዳል?

እህቴ፣ አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ተቋም ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ውጤቱን ለብቻው ማሳየት እየተቻለ የሁሉንም በግሩፕ መለጠፍ ምክንያት የለውም። በተወካዮቻችሁ በኩል ለሬጅስትራር በጽሑፍ አመልክቱ፣ የተለጠፈበትን ቀንም ጥቀሱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወሉ አድማጭ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ተሰባስበን 60 ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ለተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ልንልክ ነው። ምክርዎ?

እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ኮንቴይነር ከመጫናችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው መቀበሉን በደብዳቤ ያረጋግጥላችሁ፣ የትኛው ላብ እንደሚገቡና ማን በንብረትነት እንደሚመዘግባቸው ይጻፍበት። የምታውቁት ዲን በስልክ «ላኩ» ማለቱ አይበቃም፣ ጉምሩክ ላይ ሊቆም ይችላል። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የነፃ ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉትን ማሽኖች ለይታችሁ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሲስተም ይጫንባቸው እንደሆነ ከአይሲቲ ጋር ተነጋገሩ። የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ፋይል ሙሉ በሙሉ ይጥፋ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ የቆዩ ዴስክቶፖች ከኋላ፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አላቸው። አሜሪካ 115 ላይ ነው የሚቆየው። በዚያው እንዳለ እኛ ጋ 220 ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ሳታሽጉ በፊት ማዞሪያ ያለውን እያንዳንዱን አዙሩና «230» ብላችሁ ካርቶኑ ላይ ጻፉበት።