ቡሎኑ እምቢ ሲል

መሲ፦ እንዴት ሰነበታችሁ! ከጎንደር ነን። ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት፣ መኪና ሥር ዝጎ የተጣበቀ ቡሎን እንዴት ይፈታል የሚለውን እናወራለን። ባሌስትራ፣ ማለት ተደራራቢው የብረት ሞላ፤ ሾክ፣ ማለት ንጠቱን የሚያበርደው፤ ቦኮላ፣ ማለት መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባው ላስቲክ፤ ሁሉንም። በል ሀብትሽ።

ሀብትሽ፦ መጀመሪያ የአጎቴን ላንድክሩዘር ላንሳ።

መሲ፦ ጀመረልህ!

ሀብትሽ፦ ኧረ ርዕሱ ራሱ ነው! አጎቴ አዘዞ ነው ያለው። መኪናዋ ያልገባችበት ጭቃ የለም። አንዴ መተማ፣ አንዴ ደባርቅ፣ ሲያሻው ሊማሊሞን ቁልቁል። የኋላ ባሌስትራዋ ተሰበረ። እንቀይረው ብለን ሥሯ ገባን። ባሌስትራውን የሚያስሩት፣ እንደ U ፊደል የታጠፉት ዩ ቡሎኖች ጥርሳቸው አይታይም። ጭቃና ዝገት አንድ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። እኔም ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ ልንጠለጠልበት ስል፣ «ተው! ቡና ሳይፈላ ማንም ቁልፍ አይነካም» አለ።

መሲ፦ (ትስቃለች) ቡናና ቡሎን ምን አገናኛቸው?

ሀብትሽ፦ ስሚኛ። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፣ ዘይት ነፋበት፣ ሄዶ አክስቴ ረከቦት አጠገብ ቁጭ። አቦሉን ጠጥቶ ተነሳ፣ ዳዶውን፣ ቡሎኑ ላይ ዞሮ የሚጠብቀውን ማለቴ ነው፣ በመዶሻ ከጎኑ ኮርኮም ኮርኮም አደረገው፣ ዘይት ጨመረ። ቶናውን ጠጣ፣ እንደገና ያንኑ። በረካው ላይ አክስቴ መረራት። «ይኼ ሰውዬ ፈንዲሻዬን ጋራዥ ጋራዥ አሸተተው!»

መሲ፦ ወይኔ እትዬ! እሳቸው ናቸው መካኒኳ።

ሀብትሽ፦ ግን ነገሩ እውነት አለው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። በጥርሶቹ መሐል ያብጥና ይቆልፋቸዋል። ቀጭን ዘይት ደግሞ ጠባብ ቦታ ካገኘ ራሱ ተስቦ ይገባል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። መዶሻው ዝገቱን ያነቃንቅለታል። በነገራችን ላይ ደብሊው ዲ 40 ለዝገት መፍቻ እንዳልተሠራ ታውቂያለሽ? በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ውሃ ከብረት እንዲያርቅ ነው የተሠራው። 40 ደግሞ የቀመሩ ቁጥር ነው።

መሲ፦ ከአዘዞ አሜሪካ! እሺ፣ ዳዶዎቹ ተፈቱ?

ሀብትሽ፦ ከአራቱ ሦስቱ።

መሲ፦ አራተኛውስ?

ሀብትሽ፦ ...በግራይንደር ቆረጥነው።

መሲ፦ አየህ! ከመጀመሪያው ብትቆርጡትስ? ዩ ቡሎን እንደሆነ አንዴ ከወጣ አዲስ ነው የሚገባው። የሦስት ሲኒ ቡና ጊዜ ለምን ይባክናል?

ሀብትሽ፦ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ሁሉም ዩ ቡሎን አይደለም። ሻንሲው ላይ፣ ማለት የመኪናው አጽም ላይ፣ በተበየደ ዳዶ ውስጥ የሚገባ ቡሎን ቢሰበርብሽስ? መሰርሰር ነው፣ ብየዳ ነው፣ መከራ ነው። እዚያ ላይ ቡና ይፈላ!

መሲ፦ የኔ ቪትዝ ግን ምስክር ናት። አንድ ጋራዥ ውለው ጎማውን ከመኪናው አካል የሚያያይዘውን የታችኛውን ክንድ ማውጣት አቃታቸው። ዳዶው ወጥቷል፣ ቡሎኑ ግን አንድ ሩብ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል።

ሀብትሽ፦ እንደ ላስቲክ ይመለሳል አይደል? ቦኮላው ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ ከቡሎኑ ጋር ተጣብቆ ነው። የምታዞሪው ቡሎኑን ሳይሆን ላስቲኩን ነው።

መሲ፦ ታዲያ በእሳት ሊያግሉት ነበር!

ሀብትሽ፦ እንዴ፣ ያቃጥሉታል እንጂ! እሳት አጠገቡ ላስቲክ ለሌለው ዳዶ ነው። ዳዶው ሲግል ይሰፋል፣ ዝገቱም ይሰነጠቃል። ላስቲክ አጠገብ፣ የነዳጅ ታንከር አጠገብ፣ የፍሬን ቱቦ አጠገብ አይሆንም። ሾክ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ውስጡ ዘይት አለ፣ ብዙዎቹ በግፊት የታመቀ ጋዝም አላቸው፤ ይፈነዳል። አሁን የረጨሽው ዘይትም እኮ ይነዳል።

መሲ፦ እሺ፣ ለኔዋ መድኃኒቷ ምንድን ነው?

ሀብትሽ፦ (ዝም ይላል) ...ግራይንደር። ቡሎኑን ከቦኮላው ግራና ቀኝ መቁረጥ።

መሲ፦ አድማጮቻችን ሰምታችኋል!

ሀብትሽ፦ ለቦኮላ ነው ያልኩት! ደግሞ ክሪክ ብቻ ተማምኖ ማንም ሥሩ እንዳይገባ። አዲሱን ስታስገቡ ጥርሱን ትንሽ ግሪስ ቀቡት። የቦኮላ ቡሎን የመጨረሻው ማጥበቅ ደግሞ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይበጠሳል።

መሲ፦ የኔዋን ሲያቅታቸው ዳዶውን መልሰው አየር ላይ እንዳለች ነው ያጠበቋት።

ሀብትሽ፦ አላልኩሽም? አምጪያትና አላልተን እናጥብቃት። መጀመሪያ ግን ዘይት...

መሲ፦ ቁረጡት!

ሀብትሽ፦ ዘይት ንፉበት!

መሲ፦ ቁረጡት ብያለሁ። ቻው፣ ቻው!