ከካሜራው በፊት ያለው እፍኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማነሳውም የእህልን ጥራት በስልክ ካሜራ ስለመመርመር ነው።

ይህ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሞዴሉ ጎበዝ ነው ወይ?» የሚል ነው፤ ሞዴል ማለት በፎቶዎች ሰልጥኖ ጤነኛውን ፍሬ ከተበላሸው የሚለየው ፕሮግራም ነው። እኔ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ ወረቀቱ ላይ የተበተነው እፍኝ ከየት መጣ? ጆንያ ሲጓጓዝ ስለሚናጥ ደቃቁና ስባሪው ወደ ታች ይወርዳል፤ ነቀዝም በሁሉም ቦታ እኩል አይገባም። ከአፉ ዘግናችሁ ካነሳችሁ ፎቶው የቱንም ያህል ቢጠራ የሚነግራችሁ ስለ ጆንያው አፍ ነው። ከላይም ከመሃልም ከታችም በናሙና ዘንግ አውጡ፣ ደባልቁ፣ ከምሩ። ክምሩን ለአራት ክፈሉና ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ብቻ አስቀሩ፤ የሚፈለገው መጠን እስኪቀር ድገሙት። አሰልቺ ነው፣ ግን እዚህ ጋ የተበላሸውን ካሜራ አያቃናውም።

መጠኑስ? እንበል 300 ፍሬ አንስታችሁ 9 የነቀዘ አገኛችሁ። 3 በመቶ ትላላችሁ፤ በስሌት ግን ትክክለኛው ከ1 እስከ 5 በመቶ ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ይህን ክፍተት በግማሽ ለማጥበብ 1,200 ፍሬ ያስፈልጋል፤ በስንዴ 50 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። በአራት አምስት ፎቶ ይዳረሳል።

ወደ ፎቶው እንምጣ። የ12 ሜጋፒክስል ምስል ረጅም ጎኑ 4,000 ፒክስል ነው። ኤ4 ወረቀት ፎቶውን ሲሞላው ለአንድ ሚሊ ሜትር 13 ፒክስል ይደርሰዋል፤ 6 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ስንዴ 80 ያህል ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን የነቀዝ ቀዳዳም ይለያል። ዳጉሳ ግን በዚህ ርቀት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ጠጋ በሉ።

ለመደቡ የማያብረቀርቅ ሰማያዊ ወረቀት ይመረጣል፤ ሰማያዊ እህል እምብዛም ስለሌለ መለየቱ ይቀላል። ጣጣው ስልኩ ቀለምን በራሱ ማስተካከሉ ነው። ሰማያዊ ሲበዛበት ለማካካስ ሁሉንም ወደ ቢጫ ይገፋል፤ ጤነኛው ስንዴ የወየበ ይመስላል። ስለዚህ ጥግ ላይ ግራጫ ካርድ አስቀምጡና ቀለሙን በእሱ አስተካክሉ፤ የስልኩን የብርሃን መጠንና ትኩረት እንዳይቀያየሩ ቆልፉ። ፍላሽ አጥፉ። ብርሃኑ በስስ ነጭ ጨርቅ ተጣርቶ ከየአቅጣጫው ይምጣ፤ ጥላ ካለ ፕሮግራሙ የፍሬው አካል አድርጎ ይለካዋል።

ፍሬዎቹ አይነካኩ። የተነካኩትን የሚለያይ ስልት አለ፤ ሆኖም አንዳንዴ ረጅሙን ጤነኛ ፍሬ ለሁለት ይቆርጥና ሁለት ስባሪ አድርጎ ይመዘግበዋል። ስባሪው ከተጠበቀው በላይ በዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። አንድ ጊዜ ካነሳችሁ በኋላም ወረቀቱን ነቅነቅ አድርጋችሁ ድገሙ፤ ሻጋታው በተደበቀው ጎን ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሚዘነጋው ደግሞ ክብደት ነው። የደረጃ መስፈርቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት በክብደት ነው፤ ካሜራው የሚያየው ቁጥርና ስፋት ነው። የተጨማደደ ፍሬ ከሚይዘው ቦታ አንጻር ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በየዓይነቱ እየለያችሁ መዝናችሁ፣ ካሜራው ያየውን ወደ ክብደት የሚቀይር ማስተካከያ ቁጥር አውጡ።

እርጥበትን ከስልክ አትጠብቁ። ውሃ አጥብቆ ከሚመጠው ብርሃን አንዱ የሞገድ ርዝመቱ 1,450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ነው፤ የስልክ ካሜራ እዚያ አይደርስም። የውስጥ ነቀዝም እንደዚያው ነው፦ እናቲቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ትሉ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ፍሬው ከውጭ ጤነኛ ይመስላል።

አሁን ወደ ሞዴሉ። ከ100 ፍሬ 97ቱ ጤነኛ በሆነበት እህል ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ሞዴል 97 በመቶ ትክክል ነው፤ አንድም የነቀዘ ሳይዝ። የሚጠየቀው ከነቀዙት ስንቱን ያዘ ነው፤ መፈተኛውም በስልጠናው ካልነበረ ጆንያ የወጣ፣ ቢቻል በሌላ ስልክ የተነሳ ይሁን።