ድንጋይ የሚያነብ ሰው ይላክ

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ሮቦት እያለ ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ይገባል ወይ? ይገባል፤ እንዲያውም ዛሬ ከሚወጣው በላይ ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቴ አንድ እፍኝ አፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 በአፖሎ 17 ጨረቃ ላይ ካረፉት ሁለት ጠፈርተኞች አንዱ፣ ሃሪሰን ሽሚት፣ የስነ ምድር ተመራማሪ ነበር። ሾርቲ በሚባለው ጉድጓድ አፋፍ ሲራመድ ጫማው ግራጫውን አቧራ ገለጥ አደረገና ከስሩ ብርቱካናማ አፈር ብቅ አለ። ያንን ፈልግ ብሎ ያዘዘው አልነበረም። ያየው ነገር እንግዳ መሆኑ ግን ወዲያው ገባው። ሰዓት እየተሻማቸው ከባልደረባው ከዩጂን ሰርናን ጋር ቦይ ቆፈሩ፣ ቱቦ መትተው ከጥልቁ ናሙና አወጡ። አፈሩ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከጨረቃ ሆድ በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተሠራ ደቃቅ የብርጭቆ እንክብል ሆኖ ተገኘ። በ2008 ደግሞ ተመራማሪዎች የአፖሎ ጠፈርተኞች ባመጧቸው እንዲህ ዓይነት እንክብሎች ውስጥ የውሃ ምልክት አገኙ። ጨረቃ ድርቅ ያለች ናት የሚለው የቆየ እምነት ያኔ ተናጋ።

ሮቦቶች የሠሩትን ሥራ አከብራለሁ። ሆኖም ማርስ ላይ የነበረችው ኦፖርቹኒቲ የማራቶንን ርቀት ለመጨረስ ከ11 ዓመት በላይ ወስዶባታል። ሰርናንና ሽሚት በሦስት ቀን ውስጥ በመኪናቸው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው 110 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይና አፈር ይዘው ተመልሰዋል።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልጁ ጦሙን ያደረ አባት ስለ ማርስ ሲወራ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ግን ሂሳቡን እንየው። በአፖሎ ዘመን ናሳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ የወሰደበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ግማሽ በመቶ አይሞላም። የድሃውን ልጅ ጦም ያሳደረው ይህ ገንዘብ አይደለም።

እኔን የሚከብደኝ የሰው ሕይወት ነው። በ1986 ቻሌንጀር፣ በ2003 ኮሎምቢያ በተባሉት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች አደጋ በድምሩ 14 ሰዎች አልቀዋል። የቻሌንጀር ሮኬት መሐንዲሶች ብርዱን አይተው «አትነሳ» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ስለዚህ ገንዘብ ይጨመር ስል አስቀድሞ ለደህንነት ይጨመር ማለቴ ነው። መሐንዲሱ እምቢ ሲል ጉዞው ይቁም፤ ወጪው ቢንርም ይቁም።

እኛስ? ኢትዮጵያ ሰው ታምጥቅ አልልም። እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፖች አሉን፤ በ2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተተኩሳለች። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብታችን ግን አፋር ውስጥ ነው። የአፖሎ ጠፈርተኞች ድንጋይ ማንበብ የተለማመዱት ሃዋይና አይስላንድ በእሳተ ገሞራ መሬት ላይ ነበር። እኛ ኤርታሌ አለን። ዳሎል አለን፤ ቢጫና አረንጓዴ አሲድ ከጨው መሬት የሚፈላበት፣ የማርስ አጥኚዎች ከሩቅ አገር የሚመጡበት ስፍራ። ተማሪዎቻችን ለእነሱ መንገድ መሪ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመስክ መኪና፣ የናሙና ማከማቻና በወጉ የተደራጀ ላቦራቶሪ ያስፈልጋቸዋል። ይህንን በጀት የምትወስኑ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገቡልን። ወደ ጨረቃ የሚሄዱ ሰዎች ኤርታሌ ላይ እንዲሰለጥኑ፣ የሚያሰለጥኗቸውም ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ተማሪዎች እንዲወጡ እፈልጋለሁ።

አመሰግናለሁ።