እንቁላሉ ጾሙን አልረሳም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ ሆሳዕና ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሠራሁትን የዘንባባ ቀለበት እስካሁን ከጣቴ አላወለቅኩትም። ማይኩን ባስተካከልኩ ቁጥር ኮሽ ይላል። ድምፁን ከሰማችሁት እሱ ነው።

ከመስኮቴ ውጪ ግን ፋሲካ ነው። ፍራንክፈርት ዛሬ ፋሲካዋን እያከበረች ነው። ከላይኛው ፎቅ የልጆች ሩጫ ይሰማኛል። ወላጆቻቸው የደበቁላቸውን እንቁላል ሲፈልጉ ነው የዋሉት። እኛ ገና አንድ ሳምንት ይቀረናል።

ከፊቴ አንድ ቀይ እንቁላል አስቀምጫለሁ። የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሚያዝያ ሲያልቅ እኔ ጋ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። አልሸተተም። አስኳሉ ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል። ቆይ፣ ወደ ማይኩ አስጠግቼ ልነቅንቀው። ሰማችሁ? ይንኳኳል። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ እንቁላልና ስለ ዘመዶቹ ነው።

ወደ ጀርመን የመጣሁት በ2008 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ፋሲካ በጣም ከብዶኝ ነበር። የነሱ ፋሲካ ከኛ 5 ሳምንት ቀድሞ መጣ። እኛ ሁዳዴን ከያዝን ገና 3 ሳምንታችን ነው። ሱፐርማርኬቱ በወርቃማ ወረቀት በተጠቀለለ የቸኮሌት ጥንቸል ተሞላ። ዓርብ ስቅለት ብለው ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ከተማው ጭር አለ። እሑድ ዋለ፣ ሰኞ ዋለ፣ አለቀ።

የኛ ስቅለት ሲደርስ እኔ ሥራ ገባሁ። ሕዝቡ ሲሰግድ በሚውልበት ቀን እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኩሽና ውስጥ ድንች ስልጥ ዋልኩ። ማታ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወለችልኝ። ከስግደቱ ብዛት ጉልበቷን እንዳመማት ነገረችኝ። ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እነዚህ ሰዎች ፋሲካ የላቸውም፣ ያላቸው ቸኮሌት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ተሳስቼ ነበር። ያረመችኝ አብራኝ የምትሠራ ፖላንዳዊት ናት። በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አታንስም። እዚህ ሰው ሁሉ በስሙ ነው የሚጠራው፣ እኔም በስሟ እጠራታለሁ። በልቤ ግን እትዬ ነው የምላት።

በ2010 ዓ.ም. የፋሲካቸው ዋዜማ ቅዳሜ ዕለት እትዬ ቅርጫት አንጠልጥላ ሥራ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን እየመጣች ነው። ፖላንዶች ቅዳሜ ቅዳሜ... አይ፣ ያቺን አንዲት ቅዳሜ ማለቴ ነው፣ የፋሲካ ምግባቸውን በቅርጫት ይዘው ሄደው ካህኑ ጸበል ይረጭላቸዋል። እስከ እሑድ ጠዋት አይነካም። ዳር ዳሩ በዳንቴል የተሠራውን ነጭ ጨርቅ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። በሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ ቡናማ የሆነ እንቁላል። ቁራሽ ዳቦ። በትንሽ ብርጭቆ ጨው። ቋሊማ። ከቅቤ የተቀረጸ በግ፣ ዓይኖቹ ሁለት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ናቸው። ክሻን የሚሉት ነጭ ሥርም አለ። ሲፈቀፈቅ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ያስለቅሳል። የጌታን መከራ እንድናስታውስበት ነው አለችኝ።

ከዚያ ስለ አያቷ ነገረችኝ። አያቷ ገጠር ነው የኖሩት። ጾሙን በሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የሚባል በአፋቸው አይዞርም ነበር። ድንቹን የሚበሉት በተልባ ዘይት ነው። ተልባ ስትል ደነገጥኩ። ሌላው ምግባቸው በጨው የተነከረ ሄሪንግ የሚባል ዓሣና ዙር የሚባል ኮምጣጣ ሾርባ ነው። ዙር የሚሠራው ጥቁሩ ዳቦ ከሚጋገርበት ዱቄት ነው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ለቀናት ይቀመጣል፣ ይቦካል። እትዬ ሌላ ቀን በማሰሮ ይዛልኝ መጣች። ክዳኑን ስትከፍተው የእናቴ ቡሃቃ የተከፈተ መሰለኝ። የእርሾው ሽታ ራሱ ነው።

በድሮ ጊዜ በፖላንድ ገጠር ጾሙ ሊያልቅ ሲል ወጣቶች የዙሩን ማሰሮ እንደ ሬሳ ተሸክመው ይቀብሩት ነበር። ሄሪንጉን ደግሞ ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ሳምንታት ሙሉ ሥጋን ከገበታ አባርሮ ብቻውን ነግሦ ከረመ ብለው ነው የሚፈርዱበት። ስንት ቀን ያንኑ ምግብ ቢበሉ ነው? እኔ ገባኝ። በሁዳዴ መጨረሻ ሽሮን እንዴት እንደምናያት ታውቃላችሁ። ዛሬ ያው ዙር ነጭ ቋሊማና እንቁላል ገብቶበት የፋሲካ ቁርስ ሆኖ ይቀርባል። የጾሙ ምግብ ፈሰከ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የአውሮፓን የፋሲካ ገበታ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። እዚህ ምን ተጾሞ ነበር?

እንቁላሉን ውሰዱ። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን በጾም እንቁላል ትከለክል ነበር። ዶሮ ግን ጾም አታውቅም። እንዲያውም ብርሃኑ ሲረዝም፣ ጸደዩ ሲገባ፣ የበለጠ ትጥላለች። ስለዚህ እንቁላሉ ይከማቻል። ይቀቀላል፣ ይቀለማል፣ ለፋሲካ ይታደላል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1290 ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች 450 እንቁላል አስቀልሞ፣ ገሚሱን በወርቅ ቅብ አስለብጦ አድሏል። የእናቴ ትዝ አለኝ። የጾሙን እንቁላል ጤፍ ውስጥ እየቀበረች ነበር የምታከማቸው። ልጅ እያለን ጤፉ ውስጥ እጃችንን ሰደን እንቆጥረው ነበር።

ጥንቸሉ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1682 አንድ ጀርመናዊ ሐኪም በአልዛስ አካባቢ ለልጆች እንቁላል ያመጣል ስለሚባል ጥንቸል ጽፏል። ቸኮሌቱ ደግሞ የትናንት ነው። እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ የቸኮሌት እንቁላል የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። እንግሊዞች ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ማክሰኞ ፓንኬክ ይበላሉ። ያ ምን ይመስላችኋል? ቅበላ ነው። እንቁላሉ፣ ወተቱና ቅቤው ጾም ሳይገባ እንዲያልቅ ነው።

ፈረንሳይ፣ ሩዋን ከተማ ካቴድራል ላይ ደግሞ የቅቤ ግንብ የሚባል ማማ አለ። በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የፈለጉ ሰዎች በሰጡት ገንዘብ የተሠራ ነው ይባላል። ሄጄ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሰማይ የሚነካ የድንጋይ ሥራ ነው። ቅቤ ምን ያህል ቢናፈቅ ነው አልኩ። እኛም እኮ እሑድ ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ቀድሞ የሚቀበለን የቅቤው ሽታ ነው።

ወደ ቀዩ እንቁላል ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካን እህቴ ጋ አቴንስ አደረግኩ። ግሪኮች ፋሲካቸው ከኛ ጋር አንድ ቀን ነው የሚውለው። ምዕራቡ እ.ኤ.አ. በ1582 የቀን አቆጣጠሩን ሲያሻሽል እነሱም እኛም ፋሲካን በድሮው ስሌት ማውጣታችንን ቀጠልን። ለስደተኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ከያዝኩት ሕማማት ወጥቼ ከተማው ሁሉ ሕማማት ላይ የሆነበት አገር ገባሁ።

እህቴን ያከራየቻት አንዲት አሮጊት ናት። ሰፈሩ ሁሉ ያያ ይላታል፣ አያቴ ማለት ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እህቴ ጉልባን ስትቀቅል ያያ ከታች እንቁላል ቀይ እየነከረች ነበር። ቀዩ የክርስቶስ ደም ነው። መጀመሪያ የተነከረው እንቁላል የእመቤታችን ነው ይላሉ። እሱ አይበላም። ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ቤት ይጠብቃል። በስቅለት ደግሞ ያያ የበላችው ዘይት ያልነካው ምስር ነው፣ ኮምጣጤ አድርጋበት። ጌታ በመስቀል ላይ ሲጠማ ኮምጣጤ ስለሰጡት ነው። ሁለት ማንኪያ ቀመስኩለት። እስካሁን ጥርሴ ላይ አለ።

ቅዳሜ ሌሊት አብረናት ወጣን። 6 ሰዓት ሊሞላ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ መብራት በሙሉ ጠፋ። ጨለማ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ከዚያ ቄሱ አንድ ሻማ ይዘው ብቅ አሉ፣ ኑ ብርሃንን ተቀበሉ እያሉ። እሳቱ በየዓመቱ ከኢየሩሳሌም በአውሮፕላን ነው አቴንስ የሚደርሰው። ከሻማ ሻማ ተላልፎ በደቂቃ ውስጥ አደባባዩ በራ። ክሪስቶስ አኔስቲ ይላል አንዱ። አሊቶስ አኔስቲ ይመልሳል ሌላው። እኔና እህቴ ተያየን። ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን አለችኝ። በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን አልኳት። ያያ ሻማዋን በእጇ ከልላ፣ ነፋስ እንዳያጠፋባት ቀስ እያለች ቤት ደረሰች። በጭሱ ከበሯ ጉበን ላይ መስቀል ሠራች። ከሥሩ ያለፉት ዓመታት መስቀሎች ደብዝዘው ይታያሉ።

ከዚያ ግቡና ብሉ አለችን። ማዪሪጻ የሚሉት ሾርባ ነው። ነገ የሚጠበሰው በግ ሆድ ዕቃ፣ ጉበቱ፣ ሳንባው፣ አንጀቱ ደቆ ተከትፎ፣ ከሽንኩርት ቅጠልና ከእንስላል ጋር ተቀቅሎ፣ እንቁላልና ሎሚ ተመትቶ ይጨመርበታል። ከረጅም ጾም በኋላ ጮማ ሆድ ላይ ድንገት እንዳይወድቅ ነው። እህቴ ድስቱ ውስጥ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄ እኮ ዱለት ነው!» አለች። እኛ ግን ገና ነን። የኛ ቅዳሴ አላለቀም። ይቅርታ ጠይቀን ወደኛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተመለስን። በራችን ሥር ትንሽ ድስት ተቀምጣለች። በሳህን ተከድና በፎጣ ተጠቅልላለች። ነካሁት፣ ገና ሙቅ ነው። ከድስቱ ጎን ቀዩ እንቁላል አለ። መጀመሪያ የተነከረው፣ ሲነጋ እንደነገረችን። ያንን መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አሁንም ሳስበው አንጀቴ ይላወሳል። ተልባችንን ጠጥተን የገደፍነው በያያ ሾርባ ነው። ዶሮው ከነጋ በኋላ ደረሰ።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ልንገራችሁ። እትዬ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። «ልጆቼ ቅርጫቱን ይወዱታል። ጾሙን ግን አይጾሙም።» ቅሬታም አልነበራትም፣ ዝም ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ልጄን አሰብኩ። 6 ዓመቷ ነው። ዶሮ ወጥ ትወዳለች። ሕፃን ስለሆነች ገና አትጾምም። ሰላሳ ዓመት ሲሞላትስ? ዶሮውን ሠርታ፣ 12 ብልት አውጥታ፣ እንቁላሉን ጨምራ፣ ከፊቱ ያሉትን 55 ቀናት ግን ሳታውቃቸው ትቀር ይሆን? ይሄን ሳስብ ጀርመኖቹ ላይ መፍረድ አቃተኝ። እነሱም ቤት አንዲት እናት ይሄንኑ ፈርታ ነበር ይሆናል።

አምና ፋሲካው ገጠመ። ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የነሱም የኛም በአንድ እሑድ ዋለ። እትዬን ቤቴ ጠራኋት። ጠዋት ከልጆቿ ጋር በልታ ከሰዓት መጣች። ስምንት ሆነን ገበታውን ከበብን። ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ እንቁላል አወጣች፣ ከተባረከው ቅርጫት ያስቀረችው። ፖላንዶች የተባረከውን እንቁላል በሰው ቁጥር ቆርሰው እየተመራረቁ ነው የሚበሉት። እሷም ለስምንት ቆረሰችው። ለእያንዳንዳችን ጥፍር የምታህል ደረሰችን። ለሁሉም መረቀች። ለእኔ ጤና ብላ ለእናቴ ዕድሜ ጨመረችልኝ።

ዶሮውን ሳወጣ እንቁላሏን ከፊቷ አደረግኩላት። ቢላ ስጪኝ አለች። «ይሄ ያንቺ ነው፣ ሁላችንም አለን» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ወጡ ጣቷን እያቀላው እንቁላሉን ለስምንት ቆረጠችው። የመጀመሪያዋን ለልጄ ዘረጋችላት። ልጄ በሁለት እጇ ተቀበለቻት።

ከነገ ጀምሮ ሰሞነ ሕማማት ነው፣ መሳሳም የለም። ዛሬውኑ በያላችሁበት ስሜያችኋለሁ። ቸር ያሰንብተን።