ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ነው

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተመልካቾቻችን። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ብስክሌት ነው፤ ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ብስክሌት አለማውራት ሐረር ገብቶ ጀጎልን ሳያዩ እንደ መመለስ ይቆጠራል። መሬቷ ሜዳ ነው፣ የከዚራ ሰፈር መንገዶች ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ሙቀቱም ቢሆን ፔዳል ለሚመታ ሰው ጥቂት ነፋስ አይነፍገውም። ፈተናው ያንኑ አስፋልት ከባጃጁ፣ ከሚኒባሱና ከጭነት መኪናው ጋር መካፈል ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ግን ወደ ቀፊራ ገበያ ይዣችሁ ልሂድ። በገበያው ጠባብ መተላለፊያ አንዲት እናት ቲማቲም የሞላ ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ከፊታችሁ ይሄዳሉ እንበል። እጃቸው ቅርጫቱን አልያዘም። ከሩቅ ሲታዩ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብላችሁ ልብ ካላችሁ ግን አንገታቸው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በጣት ስፋት ይነቃነቃል፤ ቅርጫቱ ሊያጋድል ሲል ሰውነታቸው ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል። ታዲያ እኚህን እናት እንዴት ታልፏቸዋላችሁ? ትከሻቸውን ታክካችሁ? ጆሯቸው ሥር ጮኻችሁ? ብታደርጉትማ ቲማቲም ስትለቅሙ ትውላላችሁ፣ ስድቡም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተራ በተራ ይደርሳችኋል! መተላለፊያው ሰፋ እስኪል ከኋላ ቀስ ብላችሁ ትከተሏቸዋላችሁ፣ ከዚያም ራቅ ብላችሁ ታልፏቸዋላችሁ። እንግዲህ ከመኪናችሁ ፊት ያለውን ብስክሌተኛ እንደ እኚህ እናት ቁጠሩት፤ ቅርጫቱ ራሱ እሱ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ብስክሌት ወደ ጎን ማጋደል በጀመረ ቁጥር ነጂው ሳይታወቀው መሪውን ወደሚያጋድልበት ወገን ያዞርና ጎማዎቹን ከክብደቱ ሥር ይመልሳቸዋል። ለዚህም ነው ወደ ግራ ለመታጠፍ የፊት ጎማው መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ቀኝ የሚሄደው። ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ መወዛወዙ ይብሳል። የዚህን ፊዚክስ ስለ ባጃጅ ሦስት እግር ባዘጋጀነው ቪዲዮ ስላብራራነው አልደግመውም፤ ያላያችሁት እዩት፣ በዚያው ሰብስክራይብ አድርጉ።

ከዚህ የሚከተለውን ግን አለፍ ማለት አልችልም። የቀኙን የመንገድ ጠርዝ ታክኮ የሚነዳ ሰው ወደ ግራ ሊሸሽ ቢፈልግ ጎማው መጀመሪያ ወደ ጠርዙ መሄድ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ መንዳት ድፍረት አይደለም። በሚያልፈው መኪና በኩልም ጀርመን በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ በሕግ ደንግጋለች፤ ስፔንም እንዲሁ 1.5 ሜትር ትጠይቃለች። ክላክስን በተመለከተ የግል አስተያየቴን ልናገር፦ ብስክሌተኛ ጀርባ ላይ ተጠግቶ ክላክስ መንፋት፣ በጎ ታስቦም ቢሆን፣ ማስደንገጥ ነው። አንድ ቀን በደቻቱ ድልድይ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ድልድዩ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዬ ተከተለኝ፤ ከዚያ ሰፋ አድርጎ አለፈኝና በመስኮቱ እጁን አነሳልኝ። አቦ፣ እንዲህ ያለ ሹፌር ይብዛልን!

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ወደ ጻፋችሁልን ሐሳብ ልምጣ፤ «መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ በተቃራኒው አቅጣጫ መንዳት አይሻልም ወይ?» ትላላችሁ። አይሻልም። ለእግረኛ የሚሠራውን ምክር ነው ለብስክሌተኛ ያዋላችሁት። እስቲ እናስላው፦ መኪናው በሰዓት 40፣ ብስክሌቱ 15 ኪሎ ሜትር ይሂዱ። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ መኪናው ወደ ብስክሌቱ የሚቀርበው በ25 ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጡ ግን በ55። በመካከላቸው 30 ሜትር ቢኖር በመጀመሪያው ከ4 ሰከንድ በላይ ጊዜ አላቸው፤ በሁለተኛው 2 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ፍጥነቱን ወደ 15 ቀንሶ ተራ መጠበቅ ይችላል፤ ከፊት የሚመጣው ግን ቢቀንስም መቀራረቡ አይቀርም። ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚወጣ ሹፌር ደግሞ ዓይኑ በግራው ነው፣ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነውና፤ በቀኙ በኩል ብስክሌት ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። «እኔ አየዋለሁ» ማለታችሁ ልክ ነው፤ ጥያቄው እሱ ያያችኋል ወይ የሚለው ነው።

የቆመ መኪናም አለ። ሹፌሩ ከዚራ ጥላ ሥር ያቆምና በሩን በግራ እጁ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል፤ ብስክሌተኛው ከበሩ ጋር ይጋጫል። ብስክሌተኛው ከቆሙ መኪኖች በበር ስፋት ርቆ ይለፍ። ሹፌሩ ደግሞ የግራ በሩን በቀኝ እጁ ይክፈት። አሁኑኑ ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ሞክሩት፦ ቀኝ እጃችሁን ወደ ግራ በር ስትልኩ ትከሻችሁ ይዞራል፣ አንገታችሁ ይከተላል፣ ዓይናችሁ ስፖኪዮውን አልፎ ከኋላ በሚመጣው ብስክሌት ላይ ያርፋል።